«አስተካክለዋለሁ» ላለሽ ሰው ወንድምሽን ከመስጠትሽ በፊት

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከቡሬ ነው። 31 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የ2 ልጆች እናት ነኝ። ታናሽ ወንድሜ 22 ዓመቱ ሲሆን ባሕር ዳር ይማራል። አባታችን ካረፈ ወዲህ እኔ እጅ ላይ አደገ ማለት ይቻላል። ለፋሲካ መጥቶ፣ ማታ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ «እታለም፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለኝ። ነፍስ ካወቀ ጀምሮ ልቡ የሚሄደው ወደ ወንድ እንደሆነ፣ እንዲለቀው ሲጾምና ሲሰግድ እንደኖረ ነገረኝ። ደንግጬ አለቀስኩ እንጂ አልተቆጣሁትም። ከዚያ ወዲህ ግን ስደውል ድምፁ ሌላ ሆኗል። አይተኛም፣ ከስቷል፣ ክፍል መግባትም ትቷል። ባለፈው ሳምንት «እኔ ባልኖር ለሁላችሁም ይቀል ነበር» አለኝ።

እናታችን ነገሩን አታውቅም። መክሳቱን አይታ «የሰው ዓይን በልቶታል፤ ጠበል ይግባ፤ ሲመረቅ ደግሞ እንድረዋለን» ትላለች። አጎታችን ሽማግሌ የሚላክበትን ቤት ሳይቀር መርጧል። እኔ ደግሞ በሰው በሰው አማካሪ ነኝ የሚል ሰው አገኘሁ። በስልክ ሳዋየው «በ3 ወር አስተካክለዋለሁ፤ የክፍያውን ግማሽ አስቀድማችሁ ስጡ፤ የሚገናኛቸውን ልጆች ስምም ጽፎ ይምጣ» አለኝ። ልቤ አልወደደውም። ግን ሌላ ማን አለ? ለባሌም አልነገርኩም። ወንድሜን ማጣት አልፈልግም፤ እግዚአብሔርንም ማሳዘን አልፈልግም። ምን ላድርግ?

እህቱ፣ ከቡሬ

እታለም፣ ወንድምሽ በሚጠራሽ ስም ልጥራሽ። ጠበሉን፣ ድግሱንና አማካሪውን ለጥቂት ደቂቃ ወደ ጎን እንተዋቸውና ባለፈው ሳምንት ወደ ነገረሽ ቃል እንሂድ። «እኔ ባልኖር ይቀል ነበር» ያለ ሁሉ ራሱን ያጠፋል ማለት አይደለም። እንቅልፍ ያጣ፣ የከሳና ከሰው የራቀ ሰው ሲለው ግን ሳይጠየቅ አይታለፍም። ብዙ ሰው «ከጠየቅኩት ሐሳቡን እኔው አስገባበታለሁ» ብሎ ይፈራል። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ብቻውን ይዞት የከረመውን ሰው ያሳርፈዋል። ስለዚህ ሳታድበሰብሺ፣ ቃሉን ሳትፈሪው «ወንድምዓለም፣ ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» በዪው። አዎ ካለሽ በምን እንዳሰበ፣ መቼ እንዳሰበና ያዘጋጀው ነገር እንዳለ ጠይቂው። ዘዴው፣ ቀኑና ዝግጅቱ ካሉ ያን ሌሊት ብቻውን አይደር። የሚያምነው ሰው አጠገቡ ይሁንና በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እዚያ «ራሱን ሊያጠፋ አስቧል» ማለት ይበቃል። ለምን እንደሆነ ለማንም የመዘርዘር ግዴታ የለበትም።

«አንዳንዴ ይመጣብኛል እንጂ ያሰብኩት ነገር የለም» ካለሽም ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ሌሊት ሲብስበት የሚደውልላቸውን 2 ወይም 3 ሰዎች አብራችሁ ምረጡ፤ ቁጥራቸውን በወረቀት ጭምር ይያዝ፣ ኔትወርክም ባትሪም ሊጠፋ ይችላልና። ቡሬ ሲመጣ ደግሞ የእህል ነቀዝ መድኃኒትና የማሳው ፀረ ተባይ ተቆልፎ ቁልፉ ከአንቺ ጋር ይሁን። አባታችሁ የተዉት መሣሪያ ቤት ውስጥ ካለ ለጊዜው ወደ ሌላ ዘመድ ቤት ይሂድ፤ ሰበብ አይጠፋሽም። ይህን የምልሽ ያ ክፉ ስሜት ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ስለሚያልፍ ነው። በዚያች ሰዓት እጁ የሚደርስበት ነገር ከሌለ ልጁ ይተርፋል።

አሁን ወደዚያ ሰው እንምጣ። ልብሽ ያልወደደው በከንቱ አይደለም። ወንድምሽን አትውሰጂው፣ ብሩንም አትስጪው።

አንደኛ ነገር፣ «አስተካክለዋለሁ» ያለው የማይስተካከለውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ተመሳሳይ ጾታን ማፍቀርን ከበሽታዎች ዝርዝር ያወጣው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1990 ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1973 አውጥቶታል። በሽታ ላልሆነ ነገር የፈውስ ቀን መቁረጥ አይቻልም። ጥናቶቹን የመረመረው የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ቡድንም እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ሪፖርት እነዚህ የመለወጥ ሙከራዎች ይሠራሉ የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ እንደሌለና ጉዳት ሊያስከትሉ እንደሚችሉ ገልጿል። ጉዳቱ እንዴት እንደሚመጣ ልንገርሽ። ወሩ ያልፋል፤ ስሜቱ እዚያው አለ። አማካሪው «አልጣርክም፣ አላመንክም» ይለዋል። ልጁም ወይ «ተለውጫለሁ» ብሎ ይዋሻል፣ ወይ «እኔ የማልድን ነኝ» ብሎ ይደመድማል። ወንድምሽ ከልጅነቱ ጀምሮ በጾምና በስግደት ብቻውን ሞክሮታል። ዛሬ የሚናገረው የተስፋ መቁረጥ ቃል ከዚያ ድካም የመጣ ይመስለኛል። ያንኑ መንገድ በክፍያ ማስደገም ቁስሉን ማስፋት ነው።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። «የጓደኞቹን ስም ጽፎ ይምጣ» ማለት የማንም አማካሪ ሥራ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚፈጸምን ድርጊት በቀላል እስራት ያስቀጣል። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ድርጊት ነው፤ ስሜትን ወይም ምክር መጠየቅን ወንጀል አያደርግም። እንዲያም ሆኖ በተግባር ሰው በጥርጣሬ ብቻ ሊታሰር፣ ሊደበደብ፣ ፎቶው ቲክቶክ ላይ ሊለቀቅ ይችላል። በእንዲህ ያለ ቦታ የስም ዝርዝር የያዘ ሰው ነገ ገንዘብ ሲያንሰው ምን ሊያደርግበት እንደሚችል አስቢው። ከእንግዲህ ቢደውል «ልጁ ሐሳቡን ቀይሯል» ብለሽ በአጭሩ ዝጊው። የወንድምሽን ስምና ትምህርት ቤት ነግረሽው ከሆነ ለወንድምሽ አሳውቂው፤ ከሰው ከሚሰማው ከአንቺ ይስማ።

ታዲያ ሌላ ማን አለ አልሽኝ። በጎጃም ከተሞች ለተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ምክር እንሰጣለን የሚል ሰሌዳ የሰቀለ ቢሮ አታገኚም። የተለጠፈ ነገር ቢኖርም እንኳ ጠርጥሪው። ያሉት መንገዶች 2 ናቸው፤ ጎን ለጎን መሄድም ይችላሉ።

የመጀመሪያው ቀላሉ ነው፣ ሰው ግን አያስበውም። እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መጥላት፣ ክፍል መተውና ሞትን መመኘት ከ2 ሳምንት በላይ ከቆዩ የድብርት ምልክቶች ናቸው፤ ድብርት ደግሞ ይታከማል። ባሕር ዳር ባሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና አለ። ወንድምሽ ገብቶ «አልተኛም፣ መብላት ትቻለሁ፣ መኖር አስጠልቶኛል» ማለት ይችላል። ማንን እንደሚያፈቅር ሳይናገር የሚገባውን ሕክምና ያገኛል። መድኃኒት ከታዘዘለት 3 ነገር አስታውሺው። ለውጡ ወዲያው አይታይም፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል። ከ25 ዓመት በታች ባሉ ወጣቶች ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መቁነጥነጥና ክፉ ሐሳብ ሊጨምር ስለሚችል በየቀኑ ደውዪለት፤ ከባሰበት ወዲያው ለሐኪሙ ይነገር። ተሻለኝ ብሎም በራሱ እንዳያቋርጥ። ሐኪሙን «ለ1 ሳምንት የሚሆን ብቻ ይስጡኝ» ብሎ መጠየቅም ይችላል፤ ሞትን የሚያስብ ሰው ኪኒን አከማችቶ መያዝ የለበትም።

ሁለተኛው መንገድ፣ ወንድምሽን እንዳለ የሚቀበለው አማካሪ መፈለግ ነው፤ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ አማካሪ ሰውየውን ወደ ሌላ ሰው ለመቀየር አይሠራም፤ ተመሳሳይ ጾታ ማፍቀርንም አያስተምርም። የሚሠራው ልጁ ሳይታመምና ራሱን ሳይጠላ እንዲኖር ነው። በምክክሩ ውስጥ የሚሆነውን ላስረዳሽ። ያለማቋረጥ የሚደበቅ ሰው ቀን ከሌት ጥበቃ ላይ ነው፤ አነጋገሩን፣ አረማመዱን፣ ስልኩን፣ ዓይኑን ይጠብቃል። ያ ጥበቃ ነው እንቅልፉን የሚወስደው። አማካሪው ከፍርሃቱ ውስጥ የቱ እውነተኛ አደጋ፣ የቱ ከራስ ጥላቻ የመጣ እንደሆነ አብሮት ይለያል። ለእውነተኛው አደጋ ጥንቃቄ ያስተምረዋል፤ ለጥላቻው መልስ እንዲያገኝ ይረዳዋል። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ፈተና ይጠይቀዋል። አንድ የምክክር ቀጠሮ ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ነው፤ በሳምንት 1 ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሞክሮ መገምገም ጥሩ መነሻ ነው።

አማካሪው የግቢው ምክር አገልግሎትም ይሁን የግል ክሊኒክ፣ ወንድምሽ በአንድ ቀን ሁሉን አይዘርግፍ። በመጀመሪያው ቀን ስለ እንቅልፉ ብቻ ያውራ፤ ከዚያ ይጠይቅ። ማስታወሻ የሚይዙት የት ነው? ማን ያየዋል? ምስጢሬን ለማን፣ መቼ ትናገራላችሁ? ትክክለኛው መልስ «የራስህ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ብቻ፤ ያኔም መጀመሪያ ለአንተ ነግሬ» የሚል ነው። የባለሙያ ምስጢር መጠበቅ በሕግም ያለ ግዴታ ነው። ቀጥሎ በሩቁ ይሞክረው፤ «ከቤተሰቡ የተለየ የፍቅር ስሜት ያለው ወጣት ቢመጣ እንዴት ያማክሩታል?» ይበል። «ወደ ትክክለኛው መንገድ እመልሰዋለሁ» ካሉት ስለ እንቅልፉ ተነጋግሮ፣ አመስግኖ ይውጣ። «ምን እንደሚያስጨንቀው እሰማዋለሁ፤ ምን እንደሚፈልግም እሱን እጠይቃለሁ» ካሉት አንድ እርምጃ መቅረብ ይችላል። ስለ መኝታ ዝርዝር የሚጠይቅ፣ ስልክ ልይ የሚል፣ ሳያስፈቅድ ቤተሰብ የሚጠራ አማካሪ ከሆነ አይመለስበት።

በኢንተርኔት ከውጭ አገር አማካሪ ጋር መነጋገርም ይቻላል፤ አማርኛ የሚናገር ከተገኘ እሰየው። የሙያ ፈቃዱን የሰጠው አካልና የፈቃዱ ቁጥር ይጠየቅ፤ በብዙ አገሮች ይህ ለሕዝብ ክፍት ከሆነ መዝገብ ላይ ይታያል። አንድ ነገር ግን ወንድምሽ ገና ሲጀምር ይናገር፤ የሚኖረው የት እንደሆነና ሕጉ ምን እንደሚል። የእኛን አገር የማያውቅ አማካሪ በቅን ልቦና «ለቤተሰብህ ንገር፣ ነፃ ትወጣለህ» ሊለው ይችላል። እዚህ መንገር ቤትን፣ ትምህርትንና አካልን ሊያሳጣ ይችላል። ዝም ማለት ውሸታም አያደርገውም። ለማን፣ መቼ እንደሚናገር የሚወስነው እሱ ብቻ ነው፤ ለማንም ላለመናገር ቢመርጥም ምክክሩ ይሠራል።

የሚነጋገርበትን ቦታ ያስብበት። የዶርም ግድግዳ ጆሮ አለው። በቀን፣ ሰው በሚመላለስበት በጣና ዳር እየተራመደ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ቢያወራ ከተዘጋ ክፍል ይሻላል። ሰው ሲጠጋ የሚናገሩት ቃል አስቀድመው ይስማሙ፤ ለምሳሌ «ጤፉ ስንት ገባ?» ካለ አማካሪው ወሬ ይቀይራል። ቴሌግራም ከተጠቀሙ ተራው መስኮት ጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ ምስጢራዊ ውይይት የሚለውን ከፍተው መልእክቱ በራሱ የሚጠፋበትን ሰዓት ይሙሉ። አደራ የምልሽ ደግሞ በኢንተርኔት የተዋወቀውን ሰው ለማግኘት ወደማያውቀው ቤት እንዳይሄድ ነው። ለማጥመድና ገንዘብ ለመቀበል ብለው የሚቀርቡ አሉ።

ጠበሉ ላይ ልምጣ፤ ይህ ለአንቺ ከሁሉም የከበደው ይመስለኛል። ጠበል ለሕዝባችን መጽናኛ ነው፤ ወንድምሽ ራሱ ለነፍሱ ዕረፍት ፈልጎ ከሄደ አትከልክዪው። ሳያውቅ ተወስዶ፣ «ይውጣለት» ተብሎ፣ በሰው ፊት እየተጮኸበት መቆየት ግን ሌላ ነው። ለመሄድ ከወሰነ በፈቃዱ ይሁን፤ የመመለሻው ቀን አስቀድሞ ይቆረጥ፤ አንቺ ወይም የሚያምነው ሰው አብሮት ይሁን፤ መድኃኒት ከጀመረ አያቋርጥ፤ እህል ሳይቀምስ ብዙ ቀን አይቆይ። ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ነገር ምን እንደምታስተምር እሱም ያውቃል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማው ነው። ስለዚህ ደግሞ ማስታወሱ አይጠቅመውም። ይልቅ ከእምነቱ ምን ሊያጣ እንደሚፈራ ጠይቂው። ቅዳሴው ነው? ጾሙ ነው? የማኅበሩ ሰዎች ናቸው? የነፍስ አባቱን ለማናገር ከፈለገ ምርጫው የእሱ ነው፤ ስሜቱን በዝርዝር ሳይናገር ስለ ሐዘኑ ብቻ መናገር እንደሚችልም ይወቅ። አንቺም እግዚአብሔርን ማሳዘን አልፈልግም ብለሻል። እውነት ልጠይቅሽ፤ በዚያች ሌሊት ታናሽሽ ሲያለቅስ ሳትቆጪ አጠገቡ መቀመጥሽ እግዚአብሔርን ያሳዘነ ይመስልሻል?

ጋብቻው ላይ አቋሜ ግልጽ ነው፤ ይቆይ። በዚህ ትዳር የሚጎዱት 2 ሰዎች ናቸው። ያቺ ልጅም ባሏ ለምን እንደማይነካት ሳይገባት፣ መልኬ ነው ወይስ ጠባዬ እያለች ዕድሜዋን ልትፈጅ ነው። ለእናትሽ ምስጢር ሳትከፍቺ እውነት የሆነ ነገር መናገር ትችያለሽ፤ «እማ፣ ልጁ ታሟል፤ እንቅልፍም ምግብም የለውም። በዚህ ላይ ድግስ አይጫንበትም። ይመረቅ፣ ሥራ ይያዝ፣ ከዚያ እሱ ራሱ ይናገር» በያት። አጎታችሁን ደግሞ ሽማግሌ ሳይልክ በፊት ተነጋገሪው፤ ቃል ከወጣ በኋላ መመለስ በአገራችን ሁለት ቤት ያቀያይማል። ሥራ ፍለጋው ራሱ ጊዜ ይሰጣችኋል።

ለባሌም አልነገርኩም ብለሻል፤ ይነገረው ወይ የሚለውም ያስጨንቅሽ ይሆናል። ምስጢሩ የአንቺ ስላልሆነ መልሱ ወንድምሽ ዘንድ ነው። እሱ ካልፈቀደ አትንገሪ። ነገር ግን አንቺም ብቻሽን እንዳትሸከሚው «ወንድሜ ስለታመመ ጭንቅ ላይ ነኝ» ማለት ትችያለሽ፤ ይህም እውነት ነው። ያለቀስሽው ለቅሶ አያሳፍርም። ስትጠብቂው የኖርሽውን ሰርግ፣ የወንድምሽን ልጆች፣ ያሰብሽለትን ኑሮ እየቀበርሽ ነው። ሐዘንሽን ግን ለእሱ አታሸክሚው፤ ለአንቺም የምታወሪው ሰው ያስፈልግሻል።

አንዳንድ ጥያቄዎችን ደግሞ ተያቸው። «ማን አስተማረህ?»፣ «ማን ደፈረህ?»፣ «ሴት ሞክረህ ታውቃለህ?» የሚሉት ከፍቅር ቢመጡም ልጁ ጆሮ ላይ ሲደርሱ ምርመራ ይሆናሉ። ስለ ራሱ ሲናገር በየትኛው ቃል እንደሚጠቀም ስሚና ያንኑ ተጠቀሚ፤ በመንደር የሚባለው ስም ስድብ ነው። ወንድን ማፍቀርና ራስን እንደ ሴት መቁጠር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውንም እወቂ። አንዱን ከነገረሽ ሌላውን አትጨምሪበት። በተወለደበት ጾታ እንደማያምን አንድ ቀን ከነገረሽም እሱም በሽታ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ከአእምሮ ሕመም ምዕራፍ አውጥቶታል። ያኔ ያለ ሐኪም ከመድኃኒት ቤት ሆርሞን ገዝቶ እንዳይወስድ ብቻ ጠብቂው።

ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ደውዪለት። መጀመሪያ «ያኔ ስለነገርከኝ አመሰግንሃለሁ፤ ያለቀስኩት ደንግጬ ነው እንጂ ጠልቼህ አይደለም» በዪው፤ ያን ለቅሶሽን እንዴት እንደተረጎመው አታውቂምና። ከዚያ ከላይ የጻፍኩልሽን ጥያቄ ሳትፈሪ ጠይቂው፤ ዝም ካለ ዝምታውን ታገሺው፣ አትሙዪው። ከቻልሽ በሳምንቱ መጨረሻ ባሕር ዳር ውረጂና ሐኪም ቤት አብረሽው ተቀመጪ። ምግብ ቋጥረሽለት ሂጂ፤ እየበላ ካልሆነ በፊትሽ ይብላ። ሐኪሙ ያለሽንና ወንድምሽ የመለሰልሽን ጻፊልኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አብረን እናያለን።